መንታውና ተራራው የዘጋው ወንዝ

ተረት ልንገራችሁ?

“ንገረን!”

ጆሮ አላችሁ?

“እንደ ጥንቸል!”

ልብ አላችሁ?

“እንደ አንበሳ!”

እንግዲያው ስሙኝ።

ድሮ ድሮ፣ ብረት አፍ አውጥቶ በሚናገርበት፣ ድልድይ ከአላፊ አግዳሚው ጋር በሚጨዋወትበት ዘመን፣ ቀርሜ በምትባል ከተማ ዳር አንድ የማሽን ግቢ ነበር። በዚያ ግቢ መንታው የሚባል ባክሆ ሎደር ይኖር ነበር። መንታው ያሉት ከፊቱ አፈር የሚዝቅ ሰፊ ባልዲ፣ ከኋላው ጉድጓድ የሚቆፍር ረጅም ክንድ ስላለው ነው። በፊቱ ይዝቃል፣ በኋላው ይቆፍራል፣ በአራት ጎማው ደግሞ ማንም ሳይጭነው በራሱ ይሄዳል። ቀለሙ ለቋል። ሲነሳ ያስለዋል። ግን ይሠራል።

የምትነዳው እጅጋየሁ የምትባል ሴት ነበረች። ጠዋት ጠዋት “እንዴት አደርክ መንታዬ?” ትለዋለች። እሱም ኡሁ ኡሁ ብሎ ይነሳና “እግዜር ይመስገን፣ ዛሬ የት ነን?” ይላታል። አንድ ቀን ቦይ፣ አንድ ቀን መሠረት፣ አንድ ቀን የገበያ ቆሻሻ፤ እንዲህ እያሉ ይኖሩ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፈተና ሦስት አዳዲስ ማሽኖች ገቡ። ኧረ ሲያብረቀርቁ!

የመጀመሪያው ክንዴ ነበር። ክንዴ ኤክስካቫተር የሚሉት በሰንሰለት የሚሄድ ቆፋሪ ነው፤ ክንዱን ሲዘረጋ የግቢውን ዋርካ ጫፍ ይነካል። ሁለተኛው አፈ ሰፊ የሚባል ትልቅ አፈር ዛቂ ሎደር ነበር፤ አንድ ጊዜ ሲጎርስ ጉብታ ይጠፋል። ሦስተኛዋ ሚጢጢ ነበረች። ሚጢጢ ትንሽ ኤክስካቫተር ናት፤ በሁለት ግድግዳ መሀል ሾልካ ትቆፍራለች።

ሦስቱም ግቢውን ዞረው አዩና ከመንታው ፊት ቆሙ።

“አንተ ምንድን ነህ?” አለ ክንዴ። “ቆፋሪ ነህ? እኔ ከአንተ ጠልቄ እቆፍራለሁ።”

“ዛቂ ነህ?” አለ አፈ ሰፊ። “እኔ ከአንተ አብዝቼ እዝቃለሁ።”

“ቀጭን ነህ?” አለች ሚጢጢ። “እኔ አንተ በማትገባበት እገባለሁ።”

ሁሉም እውነት ነው። መንታው ባልዲውን አንስቶ ወደ ሥራው ሄደ።

እሱ ሲሄድ ሦስቱ ተማከሩ። ከዚያም ወደ ግቢው ኃላፊ ወደ አቶ ምንተስኖት ሄዱ። “ጌታዬ፣ ግቢው ጠቧል፣ መጠለያውም ለአራት አይበቃም። ሁለት ሥራ እየያዘ አንዱንም እንደኛ የማይሠራ ምን ያደርጋል?” አሉት።

አቶ ምንተስኖት ጢሙን እያሻሸ አሰበ። “እውነታችሁን ነው። ነገ ቆራሌው ይምጣና ብረቱን ይውሰደው” አለ።

እጅጋየሁ ይህን ስትሰማ እየሮጠች መጣች። “ምነው ጋሼ! የሚሠራ ማሽን ለቆራሌ ይሰጣል?”

“እጅግዬ፣ ለአንቺም ከአዲሶቹ አንዱን እሰጥሻለሁ። ምን ጎደለብሽ?”

“እኔማ ምንም አልጎደለብኝም። የሚጎድለው ሥራው ነው” አለችና ፊቷን አዙራ ሄደች።

በማግስቱ ቆራሌው መጣ። ገመዱን ከመንታው አንገት አሰረና ሊጎትተው ሲል፣ ዳማ የምትባል በቅሎ ኮርቻዋ ዞሮ፣ አፏ አረፋ ደፍቆ ሽምጥ እየጋለበች ግቢው ውስጥ ገባች!

“ድረሱ! ድረሱ!” አለች ዳማ። “ከግራር ውኃ መንደር ነው የመጣሁት! ተራራው ተንዶ ወንዙን ዘጋው! ውኃው መሄጃ አጥቶ ወደ መንደሩ እየወጣ ነው! ጓሮውን በላ፣ ጎተራውን በላ፣ አሁን ወደ ቤቱ ነው!”

“ሰዉስ?” አለ አቶ ምንተስኖት።

“ሰዉማ ጉብታው ላይ ወጥቷል። መንገዱን ናዳ ዘግቶታል፣ መውጫ የለውም፤ እኔ ብቻ በፍየል መንገድ ሾልኬ መጣሁ። ጉብታውን ውኃ ከከበበው አለቀልን!”

እናንተዬ! ግቢው ተናወጠ። ክንዴ “እኔ እሄዳለሁ!” ብሎ ጮኸ። ክንዴ ፈሪ አልነበረም፤ ኩሩ ነው እንጂ ልቡ ጥሩ ነው። ሎቤድ በሚሉት ረጅም ተሳቢ ላይ ጭነውት በረረ። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ግን ድልድዩ “ቁም!” አለው።

“አሳልፈኝ፣ ሰው ሊያልቅ ነው!”

“ወንድሜ ክንዴ፣ አንተን ብቻህን እሸከማለሁ። ከነሎቤድህ ግን ወገቤ ይሰበራል፤ እናንተም ገደል ትገባላችሁ፣ እኔም።”

ክንዴ ከሎቤዱ ወረደ። ድልድዩን ቀስ ብሎ ተሻገረና በሰንሰለቱ መሄድ ጀመረ። ቅጭልጭል፣ ቅጭልጭል። የኤሊ ጉዞ! መንገዱ ደግሞ ሩቅ ነው።

“እኔ ጎማ አለኝ!” አለ አፈ ሰፊ። ሮጠ፣ ድልድዩን አለፈ፣ ክንዴንም ቀደመው። ከሸለቆው አፍ ሲደርስ ግን በአንድ በኩል ገደል፣ በአንድ በኩል ቋጥኝ። ቋጥኙ “ተመለስ፣ ትከሻህ ሰፊ ነው” አለው። አፈ ሰፊ ቢገፋ ቀለሙ ተላጠ፣ መንገዱ አልሰፋም። እያለቀሰ ወደ ኋላው ተመለሰና ለሌላው መንገድ ለቀቀ።

ሚጢጢ በጭነት መኪና ተጭና ሾልካ አለፈች። መንገዱ በናዳ እስከተዘጋበት ደረሰች፣ ወረደች፣ ቆፈረች። ቆፈረች፣ ጭቃው ተመልሶ ገባ። ቆፈረች፣ ተመልሶ ገባ። “ኧረ የሚዝቅልኝ!” ብላ ጮኸች። “እኔ ባወጣ ማን ይጥረግልኝ?”

ጩኸቷን ሸለቆው ተቀበለ፣ ከሸለቆው ድልድዩ፣ ከድልድዩ ንፋሱ፤ ግቢው ደረሰ።

እጅጋየሁ አቶ ምንተስኖትን አየችው። አቶ ምንተስኖት መንታውን አየው። ቆራሌው ገመዱን አየ።

“ፍታው!” አለ አቶ ምንተስኖት። “ፍታው ብዬሃለሁ! እጅግዬ፣ ሂጂ!”

መንታው ተነሳ! ኡሁ ኡሁ አላለም፤ አንዴ አገሳና ከግቢው ወጣ። ዳማ ከፊት እየጋለበች “በዚህ! በዚህ!” ትላለች። ድልድዩ “እለፍ፣ አንተን እችላለሁ” አለው። መንገድ ላይ ክንዴን ደረሰበት። ክንዴ ላብ በላብ ሆኖ ይሄዳል።

“መንታው!” አለ ክንዴ። “እኔ እስክደርስ ውኃውን ያዝልኝ!”

“አንተ ብቻ ና!” አለው መንታው። “መንገዱን ጠርጌ እጠብቅሃለሁ።”

ቋጥኙ ጋ ሲደርስ ጎኑን ሳይነካ አለፈ። ሚጢጢ ስታየው በደስታ ዘለለች። መንታው በፊቱ ባልዲ ጭቃውን እየገፋ፣ እየዛቀ ወደ ገደሉ ይደፋል። ሚጢጢ ጥግ ጥጉን ትፈለፍላለች፣ መንታው ይጠርጋል። ትፈለፍላለች፣ ይጠርጋል። መንገዱ ተከፈተ!

ከወንዙ ሲደርሱ ግን ልብ የሚያቆም ነገር አዩ። ውኃው የጉብታውን እግር ከቦታል። ጉብታው ላይ ሕፃን አዛውንቱ ተቃቅፎ ቆሟል። የመንደሩ ሽማግሌ አቶ ሽብሩ ነጠላቸውን እያውለበለቡ “ልጄ፣ ቶሎ በይ! ቶሎ!” ይላሉ።

“ዙር መንታዬ!” አለች እጅጋየሁ። ወንበሯን ወደ ኋላ አዞረች። መንታው ሁለት የብረት እግሮቹን መሬት ላይ ተከለና በረጅሙ ክንዱ በናዳው ውስጥ የውኃ መሄጃ ቦይ መቅደድ ጀመረ። ቧጠጠ፣ አወጣ። ቧጠጠ፣ አወጣ። የቦዩ ራስ ታየ፣ ውኃው ምላሱን ሰደደ፣ ሰዉ እልል አለ!

እልልታው ሳያልቅ፣ ጓ! ክንዱ አንድ ነገር መታ። ከናዳው ሆድ ውስጥ ቤት የሚያክል ድንጋይ ተጋድሟል።

መንታው ገፋው፣ አልተነቃነቀም። ሳበው፣ አልተነቃነቀም። መታው፤ ክንዱ ተንቀጠቀጠ፣ የብረት እግሮቹ ተንሸራተቱ፣ ወደ ውኃው ሊገባ ለጥቂት ቀረ። እጅጋየሁ የክንዱን መቆጣጠሪያ ይዛ “ማርያም! ማርያም!” አለች።

“አልቻልኩም እጅግዬ” አለ መንታው። “ይሄ ከእኔ በላይ ነው።”

እሷ መልስ ሳትሰጠው፣ ከሸለቆው ወዲህ ምን ተሰማ? ቅጭልጭል፣ ቅጭልጭል!

“ክንዴ!” ብላ ጮኸች ሚጢጢ። “ክንዴ መጣ!”

ክንዴ ትከሻው ከአፈ ሰፊ ይጠባልና ቋጥኙን ታክኮ አልፎ፣ በተጠረገው መንገድ እየተንገዳገደ ደረሰ። ድንጋዩን አይቶ ክንዱን ዘረጋ። “ፈቀቅ በል ወንድሜ፣ ይሄ የእኔ ነው!”

“ቆይ!” አለው መንታው። “መሬቱ ጭቃ ነው፣ ክብደትህ ያሰምጥሃል። መጀመሪያ መቆሚያ ላብጅልህ።” በፊቱ ባልዲ ኮረት እያመጣ ከክንዴ ሰንሰለት ሥር ደለደለ። ሚጢጢ ጠፈጠፈችው። ክንዴ ወጥቶ ቆመ፣ ድንጋዩን አንገቱን ያዘው፣ ሞተሩ እንደ ክረምት መብረቅ አጓራ።

“ሁላችሁም ሆ በሉ!” አለ።

“ሆ!” አሉ ሰዎቹ።

ድንጋዩ ተነቃነቀ።

“ሆ!” አለች ዳማ፣ በቅሎ ብትሆንም።

ድንጋዩ ተነሳ።

“ሆ!” አለ መንታው።

ድንጋዩ ተገለበጠ! ውኃው ባገኘው በር ሰተት ብሎ ሄደ! ጉብታው እግሩን አወጣ፣ ከዚያ ጓሮው፣ ከዚያ አጥሩ ታየ። ሴቶች እልል አሉ፣ ወንዶች ፎከሩ። አቶ ሽብሩ ጭቃውን እየረገጡ ወርደው የመንታውን ባልዲ፣ የክንዴን ክንድ፣ የሚጢጢን ግንባር ሳሙ። እጅጋየሁ ከወንበሯ ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠችና መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ከዚያ እንደገና ሳቀች።

ወደ ግቢው ሲመለሱ አቶ ምንተስኖት በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። “መንታው፣ በደልኩህ” አለ። ከዚያ ወደ ሦስቱ ዞረ። “እናንተስ ምን ትላላችሁ?”

አፈ ሰፊ የተላጠ ትከሻውን አይቶ አንገቱን ደፋ። ሚጢጢ “መጠለያው ከጠበበ እኔ ጥግ እይዛለሁ” አለች።

ይህን ሲሉ አንዲት መምህርት ወደ ግቢው መጣች። “ትምህርት ቤታችን የውኃ ቧንቧ ሊገባለት ነው” አለች። “ቦይ የሚቆፍር፣ ቧንቧው ሲቀበር አፈሩን የሚመልስ፣ የተረፈውንም ከልጆቹ ሜዳ የሚያነሳ እንፈልጋለን። ግን ሥራው ትንሽ ነው፤ ሦስት ማሽን ማምጣት አንችልም።”

ሁሉም ክንዴን አዩት። ክንዴ ረጅም ክንዱን ዘረጋና ወደ አሮጌው ማሽን ጠቆመ።

“ለዚህማ እሱ አለ” አለ። “ተራራ ሲሆን እኔን ጥሩኝ፤ ጉብታ ሲሆን አፈ ሰፊን፣ ስንጥቅ ሲሆን ሚጢጢን። ሰው ቤት ሲሆን ግን መንታውን ጥሩ።”

እጅጋየሁ ወንበሯ ላይ ወጣች። መንታው ኡሁ ኡሁ አለና ተነሳ፤ መምህርቲቱም ከጎኗ ተቀምጣ መንገዱን ታሳያት ጀመር።

ልጆቼ፣ ምሳር ገባ ተብሎ ቢላ አይጣልም፤ ቢላ አለ ተብሎም ዋርካ በቢላ አይቆረጥም። እኔ ያለኝን አወረድኩ፤ የሰማችሁ ተሸከሙት፣ ለቀጣዩም አሸክሙት።