ቢጫዋ ሽራፊና የእመት አይጢት ጅራት

ተረት ተረት ስላችሁ፣ እናንተ «ሽርፍራፊ ሰም በጣሳ ቤት» በሉኝ።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ በአንድ ቤት መደርደሪያ ላይ የቆርቆሮ ጣሳ ተቀምጦ ነበር። በጣሳው ውስጥ ሦስት የሰም ቀለሞች ይኖሩ ነበር፤ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ። ልጆች ወረቀት ላይ ስዕል የሚቀቡባቸው ዓይነት ናቸው። አዲስ ሳሉ እንደ ጣት ይረዝሙ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሲሣልባቸው ግን አለቁ። ቀይ የአውራ ጣት ጥፍር አከለ። ሰማያዊ ባቄላ አከለ። ቢጫ ደግሞ ሽንብራ አከለች። የቤቱ ልጅ ትርንጎ ፀሐይ ስትሥል ቢጫን ታነሳለች፣ ጫጩት ስትሥልም ቢጫን ታነሳለች፤ ስለዚህ ከሁሉ ቀድማ ያለቀችው እሷ ነበረች።

በዚያ መንደር በእንቁጣጣሽ ማለዳ ሴቶቹ ልጆች እየዘፈኑ፣ ወንዶቹ ደግሞ ወረቀት ላይ የሣሉትን አበባ እየሰጡ ከቤት ቤት ይዞራሉ። በትርንጎ ቤት ወንድ ልጅ ስላልነበረ መሣሉንም መዝፈኑንም የያዘችው እሷው ነበረች።

በዓሉ ሲቃረብ እናቷ ጣሳውን አየችና፣ እነዚህ በጣት እንኳ የማይያዙ ነገሮች ምን ያደርጋሉ፣ ጣያቸው አለቻት። ትርንጎ አልጥልም አለች። በጣት ባይያዙ በጧፍ አቀልጣቸዋለሁ፣ ወረቀት ላይ አንጠባጥባቸዋለሁ፣ ለአባባ ቢያድግልኝ አበባ እሠራባቸዋለሁ አለች።

አባባ ቢያድግልኝ ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌ ጎረቤት ናቸው። ልጆቹ በየዓመቱ ስዕል ይዘው በደጃቸው ያልፋሉ እንጂ አይገቡም። ለማያይ ሰው ስዕል ምን ይሠራለታል ይላሉ። የትርንጎም እናት ይህንኑ አለች።

«ሰም እኮ ሲደርቅ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ይቆማል» አለች ትርንጎ።

ጣሳው ጆሮው ሰፊ ነውና ሁሉን ሰማ። ለሦስቱም ነገራቸው። ሦስቱም ፈሩ። ከጣሳው አጠገብ አንድ ያልተለኮሰ ጧፍ ተጋድሞ ነበር። እሱም ሰም ነውና እሱን ጠየቁት።

«አያ ጧፍ፣ መቅለጥ እንዴት ነው?»

«መጀመሪያ ይሞቃል። ቀጥሎ መልክ ይጠፋል። በመጨረሻ ይደርቃል።»

«ከደረቁ በኋላስ?»

«እሱን አላውቅም» አለ አያ ጧፍ። «አባቴም አያቴም ሄደው የነገረኝ የለም።»

ይህ መልስ ማንንም አላጽናናም። ቀይ ግን ፎከረ። እሳትና እኔ መልካችን አንድ ነው፣ ሰው ዘመዱን ይፈራል ወይ አለ።

ከመደርደሪያው ጀርባ፣ በግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ፣ እመት አይጢት ትኖር ነበር። እመት አይጢት ሰም ትወዳለች። ጣሳው ግን ጥልቅ ነው፣ ጎኑም ያንሸራትታል። ከገባች መውጣት አትችልም። ስለዚህ ሰሞቹ ራሳቸው እንዲወጡላት ፈለገች።

ትርንጎ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ጠብቃ በጣሳው አፍ ብቅ አለች። ሰማሁ ልጆቼ፣ እሳት ሊያስበሏችሁ ነው አሉ፣ እኔ እናት ነኝና ሆዴ አልችል አለ አለቻቸው። ቀዳዳዬ ቀዝቃዛ ነው፣ እሳት ገብቶበት አያውቅም አለች። ከዚያ ረጅም ጅራቷን እንደ ገመድ ወደ ጣሳው ለቀቀችው።

ዘመዱን የማይፈራው ቀይ ቀድሞ ዘሎ ያዘ። ጎተተችው፤ ሄደ።

በማግስቱ ትርንጎ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። እመት አይጢትም መጣች።

«ቀይ እንዴት ነው?» አለቻት ቢጫ።

«ተመችቶታል። ሞቅ ብሎት ተኝቷል።»

«ቀዳዳዬ ቀዝቃዛ ነው ብለሽን አልነበረም?»

«ለእንግዳ ይሞቃል» አለች እመት አይጢት፤ ጅራቷንም ለቀቀች።

ሰማያዊ ሳቀ። «አንቺ ቢጫ፣ ቁመትሽ ቢያልቅ ምላስሽ ቀረ» አላትና ጅራቱን ያዘ። ጎተተችው፤ ሄደ።

ቢጫ ብቻዋን ቀረች። ጣሳው ለሦስት ሲሆን ጠባብ ነበር፤ ለአንድ ሲሆን ግን እጅግ ሰፊ ሆነ። እሳቱን አሰበች። መልክ ይጠፋል የተባለውን አሰበች። እንቁጣጣሽም ከነገ ወዲያ ነበር።

በማግስቱ፣ በዋዜማው፣ ትርንጎ ለሦስተኛ ጊዜ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። እመት አይጢትም ለሦስተኛ ጊዜ መጣች። ወንድሞችሽ ናፍቀውሻል፣ ቢጫን አምጪልን እያሉ እንቅልፍ ነሱኝ አለቻት። ጅራቷንም ለቀቀች። ቢጫም ያዘች።

ጅራቱ ሲጎተት ቢጫ ከጣሳው አፍ ደረሰች። መደርደሪያውን አየች። መደርደሪያው ላይ የአይጥ በጠጥ ተበትኗል። የአይጥ በጠጥ ደግሞ ጥቁር ነው። ይህኛው ግን ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሰማያዊ ነበር።

«እመት አይጢት፣ ያ ቀዩ ምንድን ነው?»

«ምስር ነው፤ ከጓዳ ስመጣ የተንጠባጠበብኝ።»

«ሰማያዊውስ?»

እመት አይጢት ሰማያዊ እህል አሰበች፣ አሰበች፣ አጣች። ከዚያ ማስመሰሉን ተወችው።

«እንግዲህ ምን ልሁን?» አለች። «እሳት ሊበላሽ አይደል? እኔ ብበላሽ ምን ይጎድልብሻል? እሳት እንደሆነ አይጠግብም፤ እኔ ለጊዜውም ቢሆን እጠግባለሁ።»

ቢጫ ጅራቱን ለቀቀች። ተመልሳ ከጣሳው ወለል ላይ ወደቀች። ጣሳው አውቆ ይሁን ሳያውቅ፣ ከአንዲት ሽንብራ በማይጠበቅ ድምፅ ኳ አለ። ትርንጎ እንስራዋን እንዳዘለች ከደጅ ሮጣ ገባች፤ እመት አይጢትም ወደ ቀዳዳዋ ሸሸች።

ትርንጎ ጣሳውን ወደ ብርሃን ዘንበል አደረገች። ሦስት የነበሩት አንድ ሆነዋል። የቀረችው ደግሞ ትንሿ ናት። ብዙ ቆማ አየቻት። አንድ አበባ ብቻ ይበቃል አለች በመጨረሻ። ለአንድ አበባም የምትበቃ መሆኗን እርግጠኛ አልነበረችም።

ወረቀቱን እንደ ካርድ አጠፈች። በጎመን ቅጠል አሽታ አረንጓዴ ግንድ ሠራች። ጣቷ እንዳይቃጠል ቢጫን በስፌት ወስፌ ጫፍ ላይ ሰካቻት። ጧፉን ለኮሰችው።

ቢጫ እሳቱን በቅርብ አየችው።

«አያ ጧፍ፣ ፈራሁ።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አለ አያ ጧፍ። «ግን ወደ ታች እይ። እኔም አብሬሽ እየቀለጥኩ ነው።»

ቢጫ አየች። እውነት ነበር። ከዚያ በኋላ ሞቃት። ቀጥሎ መልኳ ጠፋ። አንዲት ጠብታ ወረቀቱ ላይ ወደቀች፤ ቀጥላ ሌላ ጠብታ ወደቀች፤ ትርንጎም ትንፋሿን ይዛ ዙሪያውን አንጠባጠበች። ወስፌው ባዶ ሲሆን ወረቀቱ ላይ አንዲት አደይ አበባ ተቀምጣ ነበር። የመጨረሻው ቅጠሏ ከሌሎቹ አነስ አለ እንጂ አልጎደለም። ቢጫም ደረቀች።

በእንቁጣጣሽ ማለዳ ክረምቱ የረሳው ካፊያ መጣ። የወንዶቹ ልጆች ስዕል በውሃ የተበጠበጠ ቀለም ነበርና ፈሰሰ፤ የሣሉት አበባ ከሣሉት ፀሐይ ጋር ተደባለቀ። የትርንጎ ወረቀት ጠርዙ ረጠበ። ካፊያው ቢጫ ላይ ግን ሊያርፍ አልቻለም፤ ተንከባሎ ወረደ።

ትርንጎ ሌሎቹ ከሚያልፉት ደጅ ገባች።

«እንኳን አደረስዎ፣ አባባ» ብላ ካርዱን እጃቸው ላይ አኖረች።

አባባ ቢያድግልኝ ወረቀት መሆኑን ሲያውቁ ፊታቸው ጨለም አለ። የቀለደችባቸው መሰላቸው። ትርንጎም እጃቸውን ይዛ ጣታቸውን ጠብታው ላይ አሳረፈችው። ጣታቸው ከአንዱ ጠብታ ወደ ሌላው ሄደ፤ ዞሮ ከተነሳበት ደረሰ። ሽማግሌው ደግመው ዞሩት።

«አደይ ናት» አሉ። «አንዷ ቅጠል ታናሽ ናት።»

«ሰሙ አልበቃ ብሎኝ ነው፣ አባባ።»

«ተዪ፣ ልጄ። በሜዳ ያለችውም እንዲሁ ናት፤ አንዷ ሁልጊዜ ታንሳለች።» ከዚያም፣ በደጄ ሲዘፈን በየዓመቱ እሰማለሁ፣ አበባው ቤቴ ሲገባ ግን የመጀመሪያው ነው አሏት። ካርዱንም ከፍ አድርጋ እንዳትሰቅለው፣ ሲወጡና ሲገቡ እጃቸው በሚደርስበት በበሩ መቃን ላይ እንድታደርግላቸው ለመኗት።

ትርንጎ ቤቷ ገብታ ይህን ሁሉ ለእናቷ አወራች። ሰፊ ጆሮ ያለው ጣሳም ሰማ። በግማሽ ለቀረው ለአያ ጧፍም ነገረው።

«ከደረቁ በኋላ ያለው እንግዲህ ይህ ነው» አለ አያ ጧፍ።

እመት አይጢትም ከቀዳዳዋ ሆና ሰምታለች። ቀይና ሰማያዊ ግን አልሰሙም።

ስለዚህ በዚያ መንደር፣ አንድ ሰው ሥራ ፈርቶ ሲሸሽ ያዩት እንደሆነ እንዲህ ይሉታል፦ የሸሸ ሰም የአይጥ እራት፣ የቀለጠ ሰም የዓውደ ዓመት አበባ።

እኔ ተረቴን ጨረስኩ፤ እናንተም ጣሳዬን በአበባ ሙሉልኝ።