የቀዩ በሬ ፆም

ፊታውራሪ ደምሰው ከብት ማብዛት እንጂ መያዝ አይሆንላቸውም። በረታቸው ከመጨናነቁ የተነሳ አንዱ በሬ ሲያስል ሌላው ፊቱን የሚያዞርበት ቦታ አልነበረውም። «ሽሮ የሚያምረው ሰው ደጄን አይርገጥ» እያሉ ይኩራሩም ነበር።

ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ በረቱ ውስጥ በሽታ ገባ። ፊታውራሪም ከብቱ ሳይሞት ይታረድ አሉና አገሩን ሁሉ ለጥሬ ሥጋ ጠሩት። በሽታው ሰውንም እንደሚጥል ያልሰማ የለም፤ የጌታን ግብር ግን ማን ደፍሮ ይተዋል? ሁሉም ቁርጡን ይዞ የጎረቤቱን አፍ ያያል።

በር አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ምላሰኛ ፈታይ ግን ሥጋውን አልነካችም። ውሃ ስትወርድ በበረቱ በኩል ስለምታልፍ የታረደውን ቀይ በሬ ታውቀዋለች። በሬው ታሞ ነበር ብትል ጌታን ማዋረድ ነው፤ ዝም ብላ ብትበላ ደግሞ የራሷን ጉድጓድ መቆፈር ነው።

ፊታውራሪ አዩዋትና ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አጠገቧ መጡ።

«እንቺ፣ ጉረሺ!»

«ፆመኛ ነኝ ጌታዬ።»

«በበዓለ ሃምሳ? ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይፆምበት? ማነው ይህን ፆም ያስያዘሽ?»

«እሱ ነዋ!» አለች ወደ ጉርሻው እያመለከተች። «እኔም እንደ እርስዎ ገርሞኝ ነበር። ከሐሙስ ጀምሮ ሣሩንም ውሃውንም እምቢ እንዳለ ቢላዋ ደረሰበት። እሱ ነፍሱ እስክትወጣ የጠበቀውን ፆም እኔ በገዛ ሥጋው ልግደፍበት?»

ይሄኔ ከወደ ጓዳው በኩል አንዱ ቁርጡን ቀስ ብሎ አስቀመጠና፣

«ፊታውራሪ፣ ለፆመኞች ሽሮ አይጠፋም መቼም?» አለ።