አንጓችና ዘንዶ የሆነችው እስስት

«ተረት ተረት!»
«የመሰረት!»
ምነው ድምፃችሁ ቀጠነ? እንደገና! «ተረት ተረት!»
«የመሰረት!»
እንዲህ ነው እንጂ!

በድሮ ጊዜ ከገደል ማዶ አንድ ዘንዶ ነበረ። የአገሩን ምንጭ ታቅፎ ይተኛል። ውኃ የፈለገ ገደሉ አፍ ላይ ቆሞ «አያ ዘንዶ፣ ውኃ ልቀቅልን!» ይለዋል። ዘንዶው ግን ጠያቂው ግራ ሲገባው ጠብቆ ድንጋይ ያደርገዋል።

የመጀመሪያው ጠያቂ «እሺ» ሲባል በደስታ ጨፈረ፤ ውኃው የሚወርድበትን ቦይ መክፈት ረሳ። ድንጋይ ሆነ። ሁለተኛው «እምቢ» ሲባል ተሳደበ። ድንጋይ ሆነ። ለሦስተኛው ዘንዶው ዝም አለው። «አሁን ይመልስልኛል፣ አሁን ይመልስልኛል» እያለ ተገትሮ ቀረ። እሱማ ድሮም ድንጋይ ለመሆን ትንሽ ነበር የቀረው! ሞኞች! ሦስቱም ቀድመው ሳይዘጋጁ፣ የተለማመዱት በራሱ በዘንዶው ላይ ነው።

አገሩ በጥም ሊያልቅ ሆነ። ንጉሡም «አሁን ሸክላ ሠሪዋ አንጓች ትሂድ» አለ። አንጓች ፈራች።

አንጓች አንዲት እስስት ጎረቤት ነበረቻት። ይህች እስስት መልኳን ብቻ ሳይሆን ድምፅዋንም ትለውጣለች።

«እቴ እስስት፣ ዘንዶ ሁኚልኝና ልለማመድ» አለቻት።

እስስቷ ተነፋች፤ ጣት የምታህል ዘንዶ ሆነች። «እሺ!» ስትላት አንጓች ሮጣ የጓሮዋን ቦይ ከፈተች። «እምቢ!» ስትላት እጅ ነስታ «ነገ እመለሳለሁ» አለች። ዝም ስትላት እስከ ሰባት ቆጥራ ወደ ቤቷ ገባች። ንጉሡ በዚያ ሲያልፍ አይቶ «ከእስስት ጋር የምትሟገት እብድ!» ብሎ ሳቀባት።

አንጓች ወደ ገደሉ ሄደች። በመጀመሪያው ቀን ዘንዶው ዝም አለ። ሰባት ቆጥራ ተመለሰች። በሁለተኛው ቀን «እምቢ!» ብሎ አገሳ። እጅ ነስታ ተመለሰች። ይሄኔ ግራ የገባው ዘንዶው ነው! በሦስተኛው ቀን «እ... እሺ» አለ። አንጓች ሮጣ ቦዩን ከፈተች። ውኃው እየተንፎለፎለ ወረደ። ሦስቱ ድንጋዮችም ውኃ ሲነካቸው እያዛጉ ሰው ሆኑ።

ንጉሡ ቀና። «እኔ ገደል ለገደል የምንከራተተው ለምንድን ነው? ዘንዶ የምትሆነው እስስት እዚሁ ውኃ ትልቀቅልኝ፤ አምጧት!» አለ።

«ጃንሆይ፣ እሷ እኮ መለማመጃ ናት» አለች አንጓች። ማን ሰምቷት!

ንጉሡ ዋንጫውን ዘርግቶ «ውኃ ልቀቂ!» አለ። እስስቷ ዓይኗን እያዞረች «እሺ!» አለች። ጠብ የሚል የለም። «ልቀቂ!» «እሺ!» «ልቀቂ እንጂ!» «እሺ፣ እሺ!» ጉሮሮው ደረቀ። በመጨረሻ በእግሩ ወደ አንጓች ቦይ ሮጠ፤ ከአህዮች ጎን በደረቱ ተኝቶ ጠጣ።

አያችሁ ልጆች? መጀመሪያ በእስስት መለማመድ ብልኅነት ነው። ከእስስት ውኃ መጠበቅ ግን ቂልነት ነው።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ይቅር፣ ውኃ አቅምሱ!