ሐይቅ ውስጥ የገባው ማሳ

አቶ መርዕድ የተባሉ ኩራተኛ ቀያሽ የአንድን መንደር መሬት ሊመዘግቡ መጡ። በአንዲት ባልቴት የገብስ ማሳ መካከል መነጽር ያለውን መለኪያቸውን ተክለው በቀትር የፀሐይን ከፍታ ለኩ። ከዚያም የቆሙበትን ቦታ አስልተው ካርታው ላይ ምልክት ሲያደርጉ፣ ምልክቱ ከመንደሩ አጠገብ ያለው ሐይቅ መካከል አረፈ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይህ ሐይቅ ነው። መሬት ብዬ አልመዘግብልሽም» አሏት።

«ኧረ ጌታዬ፣ ገብሴ ላይ ቆመው!» ብትላቸው ተቆጡ።

«የለካሁት በፀሐይ ነው! ማን ዋሸ ልትዪ ነው? ፀሐይ ወይስ እኔ?»

ባልቴቷ ደንግጣ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ማናችሁም አልዋሻችሁም፣ ጌታዬ። ብቻ ሳይሰምጡብን ቶሎ ታንኳ ላስመጣልዎ!»

ልኬቱን ለማየት የተሰበሰበው መንደርተኛ አውካካ። አቶ መርዕድ ደረቅ ጫማቸውን አዩና ልኬቱን እንደገና ጀመሩ፤ ማሳውም በስሟ ተመዘገበ።