በር ያልተከፈተላት የጳጉሜን ልጅ

ተረት ልጀምር ነውና ያልተቀመጠ ይቀመጥ፣ የሚያስለውም አስሎ ይጨርስ።

አንዲት ልጅ ነበረች፤ ስሟ ረድኤት፣ አገሯ ደሴ። ባሕር ማዶ ያለች ትልቅ ከተማ "ነይና ተማሪ" ብትላት ሻንጣዋን እየጎተተች ሄደች። ቋንቋውን አጥንታለች፣ ካፖርት ገዝታለች፣ ምን ቀራት? የፈለገችው አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነበር፤ የመኝታ ክፍሏ በር ተከፍቶላት ጋደም ማለት።

በሩን ገፋችው። በሩ ያለ ቁልፍ አልከፈትም አለ።

ወደ ቁልፍ ያዡ ሽማግሌ ወረደች። "አባባ፣ ጤና ይስጥልኝ። በሩ ያለ ቁልፍ አልከፈትም አለ።"

ሽማግሌው በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ግድግዳውን እያየ "ያለ ካርድ ቁልፍ አይወጣም" አለ። ሰላምታዋን ግን አልመለሰም፤ ግድግዳውን ነው ያናገረው።

ካርድ አታሚዋ ዘንድ ሄደች። "እህቴ፣ በሩ ያለ ቁልፍ አልከፈትም አለ፣ ቁልፉ ያለ ካርድ አልወጣም አለ።" ሴትዮዋ ማን እንደተናገረ እንደጠፋት ሰው ግራ ቀኝ አየች። "ያለ ፎቶ ካርድ አይታተምም" አለች፣ ለማን እንደሆነ እንጃ።

ፎቶ አንሺው በርጩማ ላይ አስቀመጣት። "ወንድሜ፣ በሩ ያለ ቁልፍ አልከፈትም አለ፣ ቁልፉ ያለ ካርድ አልወጣም አለ፣ ካርዱ ያለ ፎቶ አልታተምም አለ።" ቀጭ አደረጋትና ምስሉን አሳያት። በርጩማው ብቻ ነው ያለው፤ ሰው የለበትም።

"ቁጥር የሌለውን ካሜራው አያነሳም" አላት። የሚያስፈራው እሱ አለመደንገጡ ነው። ረድኤት እጇን አየች፤ እጇ አለ፣ ግን ከእጇ በስተጀርባ ያለው ወለልም ትንሽ ይታያል። ፈራች። እኔም ብሆን እፈራ ነበር፤ እናንተም አትኩራሩ።

ቁጥር የሚሰጠው መዝጋቢ ረጅም ኮሪደር ጫፍ ላይ ነው። በኮሪደሩ ዳር ባለቤት የሌላቸው ሻንጣዎች ተደርድረዋል። አረፍ ልትል ባዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብትል፣ አግዳሚው ሞቃት ነበር። ዘልላ ተነሳች።

"ጌታዬ፣ በሩ ያለ ቁልፍ አልከፈትም አለ፣ ቁልፉ ያለ ካርድ አልወጣም አለ፣ ካርዱ ያለ ፎቶ አልታተምም አለ፣ ፎቶው ያለ ቁጥር አልነሳም አለ።"

መዝጋቢው ፎርሟን ገለጠ። "የልደት ቀን ሦስት፣ ወር አሥራ ሦስት ይላል። አሥራ ሦስተኛ ወር የለም። በሌለ ወር የተወለደ ደግሞ አልተወለደም።"

እውነቱን ልናገር፣ ጥፋቱ የራሷ ነው። ፎርሙን ስትሞላ ወደ እነሱ አቆጣጠር መመለሱን ረስታ ጳጉሜን ሦስትን እንዳለ ገለበጠችው።

"ላስተካክለው?"

"አንዴ የተጻፈ አይፋቅም። መወለድሽን የሰማ ሰው ይመስክር።"

"ሻንጣዎቹስ የማን ናቸው?"

"አልተወለዱም የተባሉት ሰዎች ንብረት ናቸው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቢሮው ሲዘጋ ሻንጣው ይቀራል።"

"ሰዎቹስ?"

መዝጋቢው ሰዓቱን አየ። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነበር።

ረድኤት እዚያው ቆማ እናቷ ወይዘሮ አስካለ ዘንድ ደወለች።

"ማን ልበል?" አሉ እናቷ።

"እማዬ፣ ረድኤት ነኝ።"

"የትኛዋ ረድኤት?"

ልጅቷ ክው አለች። የወለዷት እናት እንኳ ሊረሷት ነው! "ጳጉሜን ሦስት የወለድሽኝ፣ የሩፋኤል ዕለት!" ብላ ጮኸች።

ይኼኔ እናቷ አወቋት። ከዚያ "ውይ በሞትኩት፣ ልጄ! ምነው ድምፅሽ እንዲህ ራቀ?"

"እማዬ፣ በሩ ያለ ቁልፍ አልከፈትም አለ፣ ቁልፉ ያለ ካርድ አልወጣም አለ፣ ካርዱ ያለ ፎቶ አልታተምም አለ፣ ፎቶው ያለ ቁጥር አልነሳም አለ፣ ቁጥሩ ያለ ልደት አልሰጥም አለ፣ ልደቱ ያለ ምስክር አልጻፍም አለ! አልተወለድሽም አሉኝ!"

"ምን ሲሉ? መንደሩ እልል ብሎ ተቀብሎሽ! ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት፤ ያልሰማ ማን አለ?"

"እዚህ አልተሰማም። አሁን በይልኝ።"

"አሁን? የጋሽ ይመር ለቅሶ ላይ ነኝ እኮ! ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነው።"

"እማዬ፣ ልጠፋ ነው።"

ስልኩን ወደ መዝጋቢው ዘረጋች፤ ወንበር ሲንጓጓ ተሰማ። ከዚያ እልልታው መጣ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ከኋላ ለቀስተኛው ይንጫጫል፤ "አበደች እንዴ?" ይላል አንዱ።

መዝጋቢው ቀና ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አየ። ልደቱ ተጻፈ፣ ቁጥሩ ተሰጠ፣ ፎቶው ተነሳ፣ ካርዱ ታተመ፣ ቁልፉ ወጣ፣ በሩ ተከፈተ! አልጋው ተነጥፎ ይጠብቃል።

ረድኤት ግን አልተኛችም። ከመዝጋቢው ስትወጣ፣ ከባዶው አግዳሚ ላይ አንድ ቀጭን ድምፅ "ለእኔም" ብሏት ነበር። ቢሮው ሊዘጋ አምስት ደቂቃ ቀርቷል። ደረጃውን እየዘለለች ወረደች።

"እማዬ፣ ስልኩን አልዘጋሽውም አይደል? እናቱ የራቀችው አንድ ሰው እዚህ አለ።"

ወይዘሮ አስካለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ወንድ ነው ሴት?" አሉ።

እኔ እስከዚህ አደረስኳችሁ፤ የቀረውን እልልታ እናንተ ቁጠሩት።