ማን ይቅደም ያሉ መዝጊያዎች

ተረት ልንገራችሁ? «ንገሪን» በሉ እንጂ! ጆሮ ያለው ይጠጋ፤ ሆዱ የሚባባ ደግሞ የጎረቤቱን እጅ ይያዝ፤ ይህ ተረት ያስፈራልና።

በድሮ ዘመን፣ በጃፓን አገር፣ ነጫጭ ጥንቸሎችና ግራጫ ጥንቸሎች ደመኞች ነበሩ። ሲጋደሉ ኖረው ኖረው ሰለቻቸውና ታረቁ። ቀበሮን አብረን እንመክት ብለውም በተራራ አናት ላይ አንድ ግንብ ሠሩ። ለግንቡ በር ነጮቹ ከዝግባ የተሠራ መዝጊያ አመጡ፤ ስሙ ሱጊ። ግራጫዎቹ ከጥድ የተሠራ መዝጊያ አመጡ፤ ስሙ ማትሱ። ሁለቱም በደረታቸው ላይ የየጎሳቸው ምልክት ተሥሎባቸዋል። ሁለቱን የሚያያይዘው መወርወሪያ ግን ከየትኛውም ወገን ያልሆነ፣ ቀጭንና ፈሪ እንጨት ነበር። ስሙም ካሺ።

ታዲያ በዚያ አገር ልማድ ታናሽ ይቀድማል፣ ታላቅ ይከተላል። ስለዚህ በሩ ሊዘጋ ሲል ሁልጊዜ ጭቅጭቅ ነው።

«ቅደም፣ ማትሱ!»

«አንተ ቅደም፣ ሱጊ!»

ካሺ በደጉ ጊዜ ይስቅባቸው ነበር።

አንድ ቀን ከወንዙ ማዶ የቀበሮዎች ከበሮ ተሰማ። ድም! ድም!

«ጌቶቼ፣ ኧረ ተዘጉ!» አለ ካሺ።

«ማትሱ ይቅደም» አለ ሱጊ።

«ሞቼ ነው ቆሜ!» አለ ማትሱ።

ከበሮው ከተራራው ግርጌ ተሰማ። ድም! ድም! የቀበሮዎቹ ሰንደቅ ጫካውን ሞላው። በግቢው ውስጥ ግልገል ጥንቸሎች ከእናቶቻቸው ሆድ ሥር ተወሸቁ።

«ስለ ልጆቹ ብላችሁ!» አለ ካሺ።

«ማትሱ ይቅደም።»

«ሱጊ ይቅደም።»

ከበሮው ከግንቡ በር ፊት ካለው ድልድይ ላይ ተሰማ። ድም! ድም! ይሄኔ የበሩ ዘበኛ፣ አሮጊቷ ጥንቸል ኦሺኖ፣ ሁለቱንም በጀርባዋ ገፍታ እኩል ዘጋቻቸው። ካሺንም በመሀላቸው ቀረቀረችው።

«አይዞህ ልጄ» አለችው። «አንተ ከጸናህ አይገቡም።»

ከበሮው ጸጥ አለ። ጸጥታው ከድምፁ ይብስ ነበር። ካሺ ከእንጨቱ ወዲያ አንድ አውሬ ሲተነፍስ ሰማ፤ የቀበሮዎቹ አለቃ ነበር።

«ጌቶቼ» አለ አለቃው ቀስ ብሎ፣ «ልዋጋ አልመጣሁም። ለታላቁ መዝጊያ እጅ ልነሣ ነው። ታላቁ የትኛው ነው? እባክዎ ወደ ፊት ብቅ ይበሉ።»

«እኔ ነኝ!» አለ ሱጊ።

«እኔ ነኝ እንጂ!» አለ ማትሱ።

«ኧረ ጌቶቼ፣ ቀበሮ ነው!» ብሎ ጮኸ ካሺ። ማን ሰምቶት! ሁለቱም ደረታቸውን ነፍተው ወደ ውጭ ገፉ። ያን ቀን ብቻ ማን ይቅደም አልተባባሉም። ካሺ ወገቡ ቋ አለና ለሁለት ተሰበረ።

በሩ ወለል አለ። ቀበሮዎቹ ገቡ። ኦሺኖ የቻለችውን ያህል ግልገል ይዛ በጓሮው ገደል ወረደች፤ ስለ ቀሩት አልነግራችሁም።

ከዚያ ቀበሮዎቹ ለእራታቸው እሳት አነደዱ። መዝጊያዎቹንም ፈለጧቸው።

«እህ፣ ማን ይቅደም?» አለ አለቃቸው እየሳቀ። መልስ ሳይጠብቅ ሁለቱንም ባንድ ላይ ማገዳቸው። የካሺ ስባሪ ከሣር ውስጥ ወድቆ ጭሱን አየ። የዝግባው የቱ፣ የጥዱ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተው።

«አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም» ሲባባሉ፣ ባንድ ምድጃ ነደው ቀሩ አሉ።

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀ። በሉ አንዳችሁ ተነሡና በሩን ዝጉ፤ ማን ይነሣ እንዳትሉ ብቻ።