ሁለት ጊዜ የገባው ጨው

በአንድ ወቅት፣ ፊሊፒንስ በሚሉት የደሴቶች አገር፣ ባሕር ጥግ ባለች መንደር፣ ናናይ ኢስያንግ የሚባሉ ባለሙያ ነበሩ። ናናይ በዚያ አገር እማማ እንደ ማለት ነው። የወለዱት ሦስት ብቻ ቢሆንም መንደሩ በሙሉ ናናይ ይላቸው ነበር፤ ከእጃቸው ያልጎረሰ አልነበረማ። በአዘቦቱ ቀን፣ ጠዋት ያደረ ሩዝ በነጭ ሽንኩርት ሲጠብሱ ሽታው ሰነፍ ከአልጋው ያስነሳል። ማታ ዓሣ የሚቀቅሉበት ሾርባ ደግሞ እንዲህ ይጎመዝዛል፦ የቀመሰው ሰው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ ማግስቱ መክፈት ይረሳል።

ዋናው ጉዳይ ግን የመንደሩ ጠባቂ ቅዱስ በዓል ነው። በዚያ ቀን የትኛውም ቤት በሩን አይዘጋም። መንገደኛ ገብቶ ይበላል፤ የማን ልጅ ነህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ናናይ ኢስያንግም ስልሳ ዶሮ በኮምጣጤ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቁንዶ በርበሬ ይሠራሉ፤ አዶቦ ይሉታል። ድስታቸው ምን ያህል ነው ለሚል፣ ከወዲህ ጠርዝ ሽንኩርት ቢጨመር ወሬው ወዲያኛው ጠርዝ የሚደርሰው በማግስቱ ነው።

ሰባ ዓመት የሞላቸው ጊዜ ልጆቻቸውን ሰብስበው ቁርጡን ነገሩ። ከዚህ በዓል በኋላ ጭልፋውን ከሦስቱ ለአንዱ ያስረክባሉ፤ ጭልፋውን የያዘ ምድጃውንም የበዓሉንም ድግስ ይይዛል። ሦስቱም ፈለጉት። ታላቁ ኔስቶር ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው እንደ ጥርስ በመከራ ነው። መካከለኛዋ ሊጋያ ከሦስት ቤት ማዶ የሚያር ሩዝ የሚሸታት ናት። ትንሹ ሮዴል ጢሙን ካበቀለ ቆይቷል፤ ቀልዱ ግን ገና አልጎረመሰም።

አንድ ነገር ብቻ ነበር። በዝናቡ ወራት ትኩሳት ናናይ ኢስያንግን ይዟቸው ሰነበተና ሲለቃቸው የምላሳቸውን ጣዕም ይዞ ሄደ። ጨውም ስኳርም አፋቸው ውስጥ አንድ ሆኑ። ለማንም አልተናገሩም። ምላስ የሌለው ባለሙያ ዓይን የሌለው ቀዛፊ ነው ብለው አሰቡ። እጃቸው ግን የሃምሳ ዓመት ልኩን ያውቃልና በእጃቸው እየመጠኑ ስድስት ወር አበሰሉ። ልጆቹ ይበላሉ፣ ያመሰግናሉ፤ እሳቸውም ማንም አላወቀብኝም እያሉ ይተኛሉ።

የበዓሉ ዕለት ረፋዱ ላይ ስልሳው ዶሮ ድስቱን ሞላ። ናናይ ጨዉን ሊጨምሩ ጎድጓዳውን ሳህን እንዳነሱ ጎረቤት ትሪ ልትዋስ ጠራቻቸው። ሲመለሱ ሳህኑ ባዶ ነው። ጨምረውት ነው ወይስ መጀመሪያውኑ አልሞሉትም? ሌላ ሰው ቢሆን ቀምሶ ይገላገላል። እሳቸው ቢቀምሱ ምን ሊገባቸው? ሽንኩርት የሚልጡትን ሴቶች እንዳይጠይቁ ደግሞ፣ ናናይ ኢስያንግ ጨው ረሱ የሚለው ወሬ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ይቀድማል። ሰው እንዲያያቸው ጭልፋውን ወደ አፋቸው አስጠጉ፣ አጣጣሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሳህኑን ሞልተው ዘረገፉት። ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ የሚለውን ተረት ያ ጨው ከምሩ ሳይወስደው አልቀረም። በእንፋሎቱ ብቻ ያለፈች ድመት ሳምንት ሙሉ ከጉድጓዱ ውሃ አልተለየችም።

ሊጋያ ከውጭ ስትገባ አፍንጫዋ ነገራት። ቀመሰች፤ ሁለቱ ዓይኖቿ አፍንጫዋ ላይ ተገናኙ። እናቷ ፊቷን ያነባሉ። «ናናይ፣ እንደ ሁልጊዜው ነው» አለች ረጋ ብላ፣ «አሁን ሄደው የበዓል ቀሚስዎን ይልበሱ።» እሳቸው ዘወር እንዳሉ ሴቶቹን ለኮኮናት ላከች። የመንደሩ ዛፍ ሁሉ እንደ ደብተራ ራስ ተመለጠ። ሰባ ኮኮናት ፈቀፈቀች፣ ጨመቀች፣ ጨዉ እስኪለዝብ ወተቱን በባልዲ አፈሰሰችበት። ጣቶቿ ደሙ። ለእናቷ አንዲት ቃል ልትናገር አላሰበችም።

ነገር ግን ሊጋያ ሳትደርስ፣ ከዚያው ድስት አንድ ትልቅ ሳህን ተቀድቶ ዶኛ ካንዲዳ ፊት ቀርቦ ነበር። ዶኛ ካንዲዳ አርባ ዓመት ከናናይ ኢስያንግ ድስት እንከን ሲፈልጉ የኖሩ እመቤት ናቸው። ሮዴል ደግሞ የእህታቸውን ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ፣ መልሱን የሚጠብቀው በዚያው ቀን ነው። ጫፉን ቀመሰና ገባው። እመቤቲቱ ማንኪያ ሲያነሱ ሳህኑን ከፊታቸው ነጥቆ፣ የስድስት ሰው ድርሻ በሁለት እጁ በላው። ከንፈሩ እንደ ኖራ ነጣ። አጥንቱን ሳይቀር መጠጠና ይቅርታ ለመነ፤ የእናቴን አዶቦ ለሰው ማካፈል አልችልበትም አለ። ከዚያ ጉድጓዱ ዘንድ ሄዶ ሲጠጣ ውሃው በክንድ ወረደ። ዶኛ ካንዲዳም እዚያው ተቀምጠው መልሱን ሰጡ፤ ለዚህ ሆዳም ልጅ የለንም አሉ።

ናናይ ኢስያንግ ይህን በመኝታ ቤታቸው መስኮት አይተው ደስ አላቸው። ልጄ ምግቤን እንዴት ይወደዋል ብለው የቀሚሳቸውን ቁልፍ ሲቆልፉ ኔስቶር ገባ። የመጣው በጓሮ ነው፤ ወጡን ቀምሶ፣ ሊጋያ ኮኮናት ከማስመጣቷ በፊት ወጥቶ ባሕሩን ሲያይ ቆይቷል። ድስቱ መዳኑን አላወቀም። እናቱ ፊት በርከክ አለ።

«ናናይ፣ ጨዉ ሁለት ጊዜ ገብቷል። ምላስዎ ከሄደ ስድስት ወር ሆኖታል። ሁላችንም እናውቃለን።»

ናናይ በጥፊ መቱት። ቀጥሎ አልጋው ላይ ቁጭ አሉ። ያ ሁሉ የአዘቦት እራት፣ ያ ሁሉ ምስጋና ታያቸው። «ስድስት ወር ሙሉ ምን ስትበሉ ነበር?» አሉ።

«አንዳንዱን ቀን እግዚአብሔር ያውቃል» አለ ኔስቶር። «እጅዎ ግን አለ፤ እኛም ምላስ አለን። መጠየቅ ብቻ ነው የቀረዎት።»

ናናይ ከዚያ ተነሡ፣ ፊታቸውን ታጠቡ፣ ወጥተው ጭልፋውን ያዙ። ግቢውን ሰው ሞልቶታል። የድስቱ መልክ መለወጡን አዩ፤ ምን እንደገባበት አላወቁም፤ ከዚህ በኋላ ሊደብቁም አልፈለጉም። ቀዱና ለእኚያው ለጠላታቸው አቀረቡ።

«ዶኛ ካንዲዳ፣ ምላሴ ጣዕም መለየት ካቆመ ስድስት ወር አለፈው። ይቅመሱልኝና እውነቱን ይንገሩኝ።»

ግቢው ፀጥ አለ፤ ዶሮ እንኳ አልጮኸም፤ እርግጥ የቀረ ዶሮም የለም። ዶኛ ካንዲዳ ጎረሱ። ደገሙ። አርባ ዓመት ምስጋና ያልወጣው አፍ ዛሬም ምንም አላወጣም፤ እጃቸው ግን ባዶውን ሳህን መልሶ ዘረጋ። ግቢው በእልልታና በጭብጨባ ተናወጠ። እንዲያ ያለ አዶቦ በዚያች ደሴት ተበልቶ አያውቅም። ሽታው ባሕር ተሻግሮ የማዶ ደሴት ሰዎች ማንኪያቸውን በጥርሳቸው ነክሰው እየዋኙ መጡ፤ እነሱም ጠገቡ። ናናይ ኢስያንግ ከዚያ ሁሉ መሐል እየዞሩ፣ እንዴት ነው፣ ምን ጎደለው እያሉ ጮክ ብለው ይጠይቁ ነበር። በሰባ ዓመታቸው እንደዚያ ቀን ቀልሏቸው አያውቅም።

ድስቱ ሲራቆት ጭልፋው ቀረ። ሦስቱ ልጆች ፊታቸው ቆሙ።

ሊጋያ ደም ያረገዙ ጣቶቿን አሳየች። «እኔ ድስቱን ባላድን ኖሮ የታላቅ ወንድሜ የኩያ ኔስቶር እውነት ምን ይፈይድ ነበር? ዶኛ ካንዲዳ እንትፍ ብለውት ነበር የሚሄዱት።»

«አቴ፣ እህቴ፣ አንቺ እስክትጨምቂ ድረስ የቤቱን ስም ሆዴ ውስጥ ያቆየሁት እኔ ነኝ» አለ ሮዴል። «ጨዉን ስውጥ ሚስቴንም አብሬ ነው የዋጥኳት።» የሳቀው እሱ ብቻ ነው።

ኔስቶር ጉንጩን ዳሰሰ። «እናንተ በዓሉን አዳናችሁ። ነገ ጠዋት ግን ናናይ ብቻቸውን ከነምስጢራቸው ምድጃው ፊት ይቆሙ ነበር።»

«እኛ ስድስት ወር የሸፈንነውን አንተ በበዓል ቀን ገለጥከው» አለችው ሊጋያ።

«አዎ» አለ።

መንደሩም ሦስት ቦታ ተከፈለ፤ ባልና ሚስት በዚህ ነገር ትራስ ለዩ። ናናይ ኢስያንግ ጭልፋውን እንደያዙ ናቸው፤ ክንዳቸውም እየዛለ ነው። ድስቱን በዝምታ ያዳነችው ልጅ አለች፤ ስሙንና ሙሽራውን ከፍሎ የበላው አለ፤ ጥፊውን ችሎ እውነቱን የተናገረው አለ። በሉ እንግዲህ፣ የበላችሁም ያልበላችሁም ፍረዱ፦ ጭልፋው ለማን ይገባል?